በኢብኑል ሀይሠም እየፎከሩ ፊዚክስን መሸሽ ይብቃ!



ሳምንት አያልፍም፤ አንዱ ገጽ የኢብኑል ሀይሠምን ምስል ይለጥፋል። "የኦፕቲክስ አባት የእኛ ነው!" ይላል። "ማሻአላህ" ይዘንብበታል። ያንን "ማሻአላህ" የጻፈውን የ11ኛ ክፍል ልጅ "ፊዚክስ እንዴት ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። "ኧረ ተውኝ፣ እሱ ለእኔ አልተጻፈም" ይላችኋል።

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ! የአያት ጀብዱ ፈተና አያሳልፍም። ይህን የምንለው ለሁሉም ነው፤ በተለይ ግን አርብ ገበያ፣ ነፋስ መውጫ፣ ወገዳና እስቴ ላላችሁ፣ ቤት ተከራይታችሁ ከገጠር በሚመጣ ስንቅ ለምትማሩ ነው።

አስቀድመን እውነቱን እንናገር። ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ከመቶ ተማሪ ዘጠና ምናምኑ የወደቀበትን ፈተና "ልጆቹ ሰነፍ ስለሆኑ ነው" ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። ላብራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት አለ። መጽሐፍ ለሦስት የሚካፈልበት ክፍል አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል። ይህ የአንተ ጥፋት አይደለም።

ነገር ግን "አልተጻፈም" የሚለው ቃል ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ይህ ቀደር ማመን አይደለም፤ በቀደር ማሳበብ ነው። ግመሉን ሳያስር አላህ ላይ ልመካ ያለውን ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንዴት እንዳረሙት ሁላችንም እናውቃለን። ደብተር ሳይገልጡ ለፈተናው ሳምንት ዱዓ ማብዛትም ግመሉን ሳያስሩ መሄድ ነው። "ፈተናው ወጥቷል" እያለ በቴሌግራም የሚቸበችበውን መከተል ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ ማጭበርበር ሐራም ነው፣ አለቀ።

ደግሞስ ኢብኑል ሀይሠም ማን ነበር? በ965 ገደማ በስራ ተወልዶ ካይሮ ላይ የሞተ ሰው ነው። ከታላላቆቹ የግሪክ ሊቃውንት አንዳንዶቹ "ብርሃን ከዓይን ወጥቶ ዕቃውን ይነካል" ሲሉ እሱ በጨለማ ክፍልና በቀዳዳ ብርሃንን እየፈተነ "ብርሃን ወደ ዓይን ይገባል" አለ። በጥለሚዩስን የሚያህል ሰው እንኳ ስሙን ፈርቶ አልተቀበለውም፤ ስህተቱን እየነቀሰ መጽሐፍ ጻፈበት። አንተ ግን አንዲት ፎርሙላ ከየት እንደመጣች ሳትጠይቅ ሃምሳ ፎርሙላ ትሸመድዳለህ፤ ከዚያ የሱን ምስል ትለጥፋለህ። ውርሱ ምስሉ አይደለም፤ አጠናኑ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ይህ አጠናን በእጅህ ነው። ደረሳ የነበሩትን አባቶች ጠይቅ፤ ኪታብ የቀራህም ራስህ ታውቀዋለህ። ቂርአት ላይ የምትሠራበትን ትምህርት ቤት በር ላይ ጥለኸው ትገባለህ!

አንደኛ፣ ሙጣለዓ። ደረሳ ሼኹ ፊት የሚቀርበው ማታውን ኪታቡን አይቶ ነው። አንተም የነገውን ገጽ ዛሬ አንብብ። የማታውቃቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት አውጣ፤ ብዙዎቻችንን የሚጥለን ፊዚክሱ ሳይሆን የጥያቄው እንግሊዝኛ ነውና። አንድ ያልገባህን ነገር ይዘህ ክፍል ግባ።

ሁለተኛ፣ ኢዕራብ። ነሕው የቀራ ሰው የቃሉ መጨረሻ ሲለወጥ "ዓሚሉ ማነው?" ይላል። ፊዚክስም እንዲሁ ነው። ከታች ጋይንት ወደ ላይ ጋይንት ቀጥ ያለ ዳገት በቋሚ ፍጥነት የሚወጣ አይሱዙ አስብ። ኔት ፎርሱ ስንት ነው? አብዛኛው ተማሪ "ወደ ላይ የሚገፋው ይበልጣል" ይላል። ስህተት ነው! ፍጥነቱም አቅጣጫውም አልተለወጠም፤ ለውጥ ከሌለ ኔት ፎርሱ ዜሮ ነው። ስለዚህ ፎርሙላ ከመፈለግህ በፊት ሥዕሉን ሣል። እያንዳንዱን ፎርስ በቀስት አስቀምጥና "ይህን የሚያደርገው ማነው? መሬት? መንገዱ? ገመዱ?" ብለህ ጠይቅ። አድራጊ የሌለው ፎርስ ከሣልክ ሰርዘው።

በ1981 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ጀማሪዎችና አዋቂዎች የፊዚክስ ጥያቄዎችን እንዲመድቡ ጠይቆ ነበር። ጀማሪዎቹ ዳገት ያለበትን ከዳገት፣ ስፕሪንግ ያለበትን ከስፕሪንግ ጋር አስቀመጡ። አዋቂዎቹ ግን በሕጉ መደቡ፤ "ይህ የኢነርጂ፣ ያ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ" እያሉ። አንተም ከሠራኸው ጥያቄ ሥር አንድ መስመር ጻፍ፦ የትኛው ሕግ? ለምን?

ሦስተኛ፣ ሙራጀዓ። ሐፊዝ ሙስሐፉን እያየ "ሐፍዣለሁ" አይልም፤ ዘግቶ ያሰማል። በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎችን ዘግተው ለማስታወስ ከሞከሩት ጋር አወዳድሮ ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ዘግተው የሞከሩት በለጡ። ፈተናው ያለው ደግሞ ከወራት በኋላ ነው! የተሠራ ምሳሌ አንብበህ "ገባኝ" አትበል። ዝጋውና በባዶ ወረቀት ሥራው። ከሦስት ቀን በኋላ ድገመው፤ ከሳምንት በኋላም። ምዕራፎቹን ቀላቅል፤ ፈተናው "ይህ ከምዕራፍ አራት ነው" ብሎ አይነግርህም።

አራተኛ፣ ሙዛከራ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ተቀመጡና ያጠናችሁትን በአማርኛ አስረዱ። በራስህ ቋንቋ ማስረዳት ካቃተህ አልገባህም ማለት ነው። የተሳሳትከውን ሁሉ ከነምክንያቱ በአንድ ደብተር መዝግብ።

"ላብራቶሪ የለንም" ትላለህ። እውነት ነው፤ ሊኖራችሁም ይገባ ነበር። እስኪመጣ ግን አንድ ሜትር ክር ላይ ድንጋይ እሰር፣ በትንሹ አወዛውዘው፣ አሥር ምልልሱን በስልክህ ቁጠር። 20 ሰከንድ አካባቢ ይሆናል። በፔንዱለም ፎርሙላ ብታሰላው የመሬት ስበት 9.8 አካባቢ ይወጣልሃል፤ በገዛ እጅህ! የገበያ ቀን ደግሞ ሚዛኑን ተመልከት። አል ኻዚኒ በ1121 "ሚዛኑል ሒክማ" ብሎ አንድ ሙሉ ኪታብ የጻፈው ስለ ሚዛን፣ ስለ ክብደትና በውሃ ውስጥ ስለሚመዘን ነገር ነው። ቶርክና ዴንሲቲ ብለህ የምትፈራው ያው ነው።

ጊዜ የለኝም አትበል። ከፈጅር በኋላ ሦስት ጥያቄ እስከ ሥሩ፣ በሳምንት አምስት ቀን። በ30 ሳምንት 450 ጥያቄ ነው። እህቴ፣ "ፊዚክስ የወንድ ነው" የሚልሽንም አትስሚው፤ ቀስቱ የሣለውን ሰው ጾታ አይጠይቅም።

አሁን ወደ አባቶችና ወደ መስጂድ ኮሚቴዎች። ለሚናራና ለምንጣፍ ስናዋጣ ኖረናል፣ አላህ ይቀበለን። ግን ለአንድ መደርደሪያ የፊዚክስ መጽሐፍ አዋጥተን እናውቃለን? መብራት ሲጠፋ ልጆቹ የሚያጠኑበት የሶላር አምፖልስ? ከመግሪብ እስከ ዒሻ አንዲት ክፍል ክፈቱላቸው። ለእረፍት የሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ልጆችን ጥሩና አስጠኑ በሏቸው። ከዚያ በኋላ ልጁ ቢወድቅ እንጠይቀው፤ ከዚያ በፊት ግን የምንጠየቀው እኛም ነን።

በሚቀጥለው ጊዜ የኢብኑል ሀይሠምን ምስል ስታይ "ማሻአላህ" ከመጻፍህ በፊት አንድ ጥያቄ ሥራ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን፤ ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን። አሚን!

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።