ያን ከባድ ብረት ወደ ቦታው መልሱት

ግልጽ ደብዳቤ፤ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መንገድ አሮጌ የቤንዚን ላንድክሩዘር ለምትነዱ፣ ለምትጠግኑና ለምትሳፈሩ



ቱኤፍ የሚባለው ሞተር ያላቸው አሮጌ ላንድክሩዘሮች ከፋብሪካ ሲወጡ፣ የስድስቱን ፒስተን ጭስ ሰብስቦ ወደ ማርሚታው የሚያወርድ ወፍራም የካስት አይረን ማኒፎልድ ነበራቸው። አንዳንድ ባለቤቶች እሱን አስፈትተው፣ ለየፒስተኑ የየራሱ ቱቦ ያለውን፣ ከስስ ብረት የተበየደውን ሄደር ያስገጥማሉ። ጉልበት ይጨምራል ተብሎ ነው፤ ድምፁን የሚወዱትም አሉ። በእኛ መንገድ ግን የድሮው መመለስ አለበት።

ሄደር የሚረዳው ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሽከረከር ነው። ከአባይና ከበሽሎ ቆላ ተነሥቶ ደጋውን የሚወጣ መኪና በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ እያቃሰተ ነው የሚሄደው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ትላለች። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ስለሚሆን፣ ባለ ካርቡሬተር ሞተር ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ይህን የጠፋ ጉልበት ሄደር አይመልሰውም።

ብርዱ ደግሞ አለ። በዚህ ሞተር ላይ ቤንዚኑና አየሩ የሚገቡበት ማኒፎልድ ከጭሱ ማኒፎልድ ጋር በቡሎን የታሰረ ነው። ጭሱ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለውን ወለል ያሞቀዋል፤ ቤንዚኑም ጠብታ ሳይሠራ ተንኖ ይገባል። ሄደር ሲገጠም አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሙቀት ይቀራል። በታኅሣሥ ጠዋት፣ ከጉና ሥር፣ ሞተሩ ይነሣና ያንቀዋል፤ ቤንዚን ሲሰጡት መልሶ ይጠፋል። ሹፌሩ ካርቡሬተሩን ያስፈታል፣ ያሳጥባል፣ ብሎም ሌላ ይገዛል። ካርቡሬተሩ ግን ጤነኛ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ጭሱ ነው። ስስ ብረት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይጣመማል፤ ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበት ፊት ይከፈትና ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ በቡሎኖቹ ዙሪያም የጥቀርሻ መሥመር ካያችሁ፣ ጭሱ እያመለጠ ነው ማለት ነው። ከቤንዚን ሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም። ደጋ ላይ ብርዱን ፈርተን መስኮት እንዘጋለን። ሕፃን የታቀፈች እናት ከኋላ ተቀምጣ ራሷን ሲያማት፣ ሲያቅለሸልሻት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላት፣ መንገዱ ነው ያዞራት እንላለን። እባካችሁ እንዲህ ያለ ነገር ባያችሁ ጊዜ መኪናውን አቁሙ፤ መስኮት ብቻ ከፍቶ መቀጠል አይበቃም።

ለመካኒኮች ደግሞ ጥቂት ልበል። የዛገውን ቡሎን በጉልበት አትስበሩት። ዙሪያውን አሙቁና ጧፍ አስጠጉበት፤ ሰሙ ቀልጦ ወደ ጥርሱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ከዚያ ወደፊትም ወደኋላም እያላችሁ በቀስታ ፍቱት። ያገለገለ ማኒፎልድ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ሲመጣ ከመግዛታችሁ በፊት ጥቀርሻውን አጽድታችሁ ስንጥቅ ፈልጉበት። ካስት አይረን በተራ ኤሌክትሮድ ቢበየድ ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል፤ በደንብ ሞቆ፣ በሚስማማው ኤሌክትሮድ ተበይዶ፣ አመድ ውስጥ ተቀብሮ በዝግታ መቀዝቀዝ ይፈልጋል። ሁለቱ ማኒፎልዶች አንድ ጓርኒሲዮን ስለሚጋሩ ፊታቸው እኩል መሆን አለበት፤ ካልሆነ ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ አብራችሁ አስላጓቸው። ስትገጥሙ እርስ በርስ የሚያስራቸውን ቡሎን አላሉ፤ መጀመሪያ ከቴስታታው ጋር ከመሐል ወደ ዳር እያላችሁ እሰሩ፣ እሱን በመጨረሻ አጥብቁ። ሞተሩ ሞቆ ከበረደ በኋላም ዳዶዎቹን እንደገና ፈትሹ።

ካስት አይረንም የማይሸነፍ ብረት አይደለም። ግሎ እያለ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ከገባ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስለዚህ ወንዝ ከመሻገራችሁ በፊት ሞተሩን ትንሽ አሳርፉት።

አንድ ልመና አለኝ። ሄደር ስታስገጥሙ የወለቀው ማኒፎልድ ምናልባት አሁንም ከጓሮ ወይም ከጋራዡ ጥግ ወድቆ ይሆናል። ዝጎ ቢያስቀይማችሁም በኪሎ መዝናችሁ ለቆራሌው አትሽጡት። ለራሳችሁ ባያስፈልግ እንኳ፣ ያው ሞተር ያለው ጎረቤት ወይም የሠፈሩ መካኒክ ይፈልገዋልና ንገሩት።