ከምርቃና በኋላ ያለው ሰዓት

ጅማ ውስጥ ስለ ጫት ጉዳት የማይናገር የለም። ስለ ሺሻውም ስለ መጠጡም ይወራል። ከበርጫ የተነሣ ወጣት አወቱ መንደራ ወደተከራያት አንዲት ክፍል ገብቶ፣ እንቅልፍ እንቢ ሲለው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልኩ ላይ ስለሚያየው ነገር ግን ትንፍሽ የሚል አይገኝም። የወሲብ ፊልም ሽታ የለውም፤ ጠዋት ተጠርጎ የሚወጣ ገረባም አይተርፈውም። የወሲብ ፊልምን መተው ለወሲብ ጤናም ለትዳርም ለሰላም እንቅልፍም ይበጃል ብዬ አምናለሁ። እንደ ጅማ ባለ ከተማ ግን በመሐላ ብቻ አይተውም። የሚተወው ፊልሙ የሚታይበት ሰዓትና ብቸኝነት ሲለወጥ ነው።

ነገሩ ራሱ አዲስ አይደለም። በቪዲዮ ቤቶች ዘመን መጋረጃ ተዘግቶ፣ በር ላይ ጠባቂ ቆሞ በቡድን ይታይ ነበር። ቀጥሎ ሚሞሪ ካርድ ይዞ ሙዚቃ ቤት መሄድና ባለሱቁን ዝቅ ባለ ድምፅ «ያንንም ጨምርበት» ማለት መጣ። አሁን ቴሌግራም ላይ የተላከ ሊንክ መንካት ይበቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 640 እንዲህ ያለውን ነገር ማዘጋጀትን፣ ወደ አገር ማስገባትንና ማሰራጨትን ይቀጣል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸመውን ለይቶ ያነሣል። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው። ሆኖም ሕጉ በተሠራበት ዓይን የሚታየው ሻጩና አከፋፋዩ ነው፤ በሩን ዘግቶ ብቻውን የተቀመጠውን ተመልካች የሚያገኘው ሌላ ሰው መሆን አለበት።

ጉዳቱ ምንድን ነው ለሚል የማያጋንን መልስ መስጠት ይገባል። ሐዋሳ ውስጥ በመሰናዶ ተማሪዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ከግማሽ የሚበልጡት እንዲህ ያለ ፊልም እንዳዩ፣ አብዛኞቹ ደግሞ ከቤተሰባቸው ጋር ስለ ወሲብ በግልጽ እንደማይነጋገሩ አሳይቷል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። ማንም ያልነገረው ልጅ የመጀመሪያ ትምህርቱን የሚወስደው ከፊልሙ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ ፈቃድ የሚጠይቅ፣ ኮንዶም የሚያወጣ፣ «ይበቃኛል» ስትለው የሚያቆም ሰው አይታይም። በዚህ ትምህርት አድጎ ያገባ ወንድ ሚስቱን ከማያውቃት ሴት ጋር ያወዳድራል፤ እሷ ምን እንደጎደላት ሳታውቅ ጉድለቷን ስትፈልግ ትኖራለች። ሴቶችም ያያሉ፤ እነሱን የሚያስጨንቀው ሐሜቱ ስለሆነ ከወንዶቹ ይበልጥ ይደብቃሉ።

ስንፈተ ወሲብን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በየስልኩ የሚዞረው ወሬ ፊልም ያየ ሁሉ ብልቱ አልነሣ ይለዋል የሚል ነው። ጆሹዋ ግሩብስና ማቲዎሽ ጎላ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ጥናት ይህን አይደግፍም፦ ማየቱ ብቻውን ከችግሩ ጋር የጎላ ዝምድና አልታየበትም፤ «መቆጣጠር አቅቶኛል» ባሉት ላይ ግን ዝምድናው ታይቷል። ስለዚህ መድኃኒት ቤት ሄዶ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲልደናፊል የሚገዛ የሃያ ዓመት ልጅ ምናልባት ገንዘቡን የሚያወጣው ለጭንቀቱ ነው። ከሰው ጋር ሳለ ስለ ብቃቱ የሚጨነቅ ሰው ሰውነቱም አይታዘዘውም።

የጭንቀቱ ምንጭ ዝምታው መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጅማ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ስለ ወሲብ ሲጠይቁ አንድ ዘዴ ተጠቀሙ። ገሚሶቹ እንደ ተለመደው በቃል እንዲመልሱ፣ ሌሎቹ ግን ቃል ሳይተነፍሱ በካርድ እንዲያመለክቱ ተደረገ፤ አጠገባቸው ያለ ሰው መልሳቸውን ማወቅ አይችልም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። በካርዱ ከመለሱት መካከል ከጋብቻ ውጭ ወሲብ ፈጽሜያለሁ ያሉት በቃል ከመለሱት በግልጽ በልጠው ተገኙ። ጥያቄው ያው ነው፣ ወጣቱም የዚያው አገር ልጅ ነው፤ የተለየው ጆሮ አለመኖሩ ብቻ ነው። ስለ ወሲብ እንዲህ የሚያፍር ማኅበረሰብ ስለ ወሲብ ፊልም ምን ያህል ሊያፍር እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ኀፍረቱ ደግሞ ራሱ ወደ ፊልሙ ይመልሳል። ብዙዎች በረመዳን ወይም በሁዳዴ ለመተው ይምላሉ፤ ከበዓሉ በኋላ አንድ ሌሊት ሲሸነፉ «እኔ እኮ የጠፋሁ ነኝ» ብለው ሙሉ በሙሉ ይመለሱበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ወሲባዊ ግፊትን መቆጣጠር ያለመቻልን ችግር እንደ ሕመም ሲመዘግብ ሁለት ነገር አስቀምጧል። ችግሩ 6 ወርና ከዚያ በላይ የቆየ፣ ሥራን፣ ትምህርትን ወይም ግንኙነትን ያናጋ ወይም ከባድ ጭንቀት ያመጣ መሆን አለበት። ከሥነ ምግባር ወቀሳ ብቻ የመጣ ጭንቀት ደግሞ በቂ አይደለም። እምነት እንዲህ ያለውን ነገር ኃጢአት ማለቱ የእምነት መብት ነው፤ ኀጢአተኛ ሁሉ ግን ሕመምተኛ አይደለም፣ ሕመምተኛም በተግሣጽ ብቻ አይድንም። ይህን ልዩነት የሚያውቁ ሼኽና ቄስ ቢበዙ ብዙ ወጣት ባወጡት ነበር።

ታዲያ በተግባር ከየት ይጀመራል? እዚህ እኛ ጋ ከጫቱ ሰዓት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚንን የሚመስል አነቃቂ ነው። ከሰዓት በኋላ የቃመ ሰው ምርቃናው አልፎ ሆዱ ሲባባ ሌሊቱ ገና አላለቀም፤ ጓደኞቹ ተበትነዋል፣ ኢንተርኔቱ ግን አለ። በዚያ ሰዓት «አላይም» ብሎ ከራሱ ጋር የሚታገል ሰው የሚታገለው በደከመበት ሰዓት ነው። በርጫውን ማቆም ወይም ቢያንስ መቀነስ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ማሳደር፣ የሚኖርበትን ክፍል ከጓደኛ ጋር መጋራት ከመቶ መሐላ ይሻላል። በአጋሮም በሰርቦም በሊሙ ገነትም ቡና በሚለቀምበት ወራት ቀኑን ሙሉ ሲለፋ የዋለ ልጅ ማታ ይተኛል፤ ሥራ የሌለው ወቅት ነው ፈታኙ።

ሕክምናም አለ። ዩታ ውስጥ ክሮስቢና ትዎሂግ የተባሉ ባለሙያዎች 28 ወንዶችን ይዘው በሠሩት ሙከራ፣ በ12 የምክር ጊዜያት የታከሙት የሚያዩበት ሰዓት ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ፤ ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩት ግን በ21 በመቶ ብቻ። ሙከራው ትንሽ ነው፤ የሚያስተምረው ግን ትልቅ ነው። ታካሚዎቹ ፍላጎቱን እንዲያፍኑ አልተነገራቸውም፤ ሲመጣ እንዲያዩት፣ እንዳይታዘዙትና ለኑሯቸው የሚበጀውን እንዲሠሩ ተለማመዱ። ማየት ሲተው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁንጥንጥነት ሊያመጡ ይችላሉ፤ አንዳንዱ ፍላጎቱ ጭራሹን የጠፋ መስሎት ይደነግጣል። ባለትዳር ከሆነ ሚስቱን በዝርዝር ኑዛዜ ከማስጨነቅ «ይህን ልተው እየታገልኩ ነው፣ አግዢኝ» ማለት ይበቃዋል።

በጤና ጣቢያዎች ለወጣቶች የሚሰጠው አገልግሎት ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ኮንዶምና ስለ እርግዝና ይጠይቃል። ሁለት ጥያቄ ይጨመርበት፦ ማታ በስንት ሰዓት ትተኛለህ፣ እንቅልፍ ሲያቅትህስ ምን ታደርጋለህ? መልሱን በካርድ ቢሰጥም ችግር የለውም። ሲመልስ ለወራት መቆጣጠር እንዳቃተው የገለጸ ደግሞ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሥነ አእምሮ ክፍል ይላክ፤ ጤና ጣቢያው ወረቀቱን ጽፎ፣ እሱ ሳያፍር እንዲሄድ።