ከስካዩ በፊት ቡሎኑ

ኔቬ ኦዝ የሚኖር አንድ የሰፈራችን ወጣት አሮጌ ላንድ ሮቨር ገዝቷል፤ ሲሪስ 3፣ አጭሩ። ሞተሩን አስጠግኗል፣ ፍሬኑን አስቀይሯል፣ የቀረው ወንበሩ ነው። «ጋሼ፣ ከተፈታ የቤት መኪና ላይ የወረደ ንጹህ ወንበር አገኘሁ፤ ራፓዱ (ወንበር አልባሹ) ቡናማ ስካይ ያለብስልኛል» አለኝ። ቀለሙንም በስልኩ አሳየኝ። እኔ ግን አስቀድሜ የጠየቅሁት «ከምን ጋር ነው የምታስረው?» ብዬ ነው። መልስ አልነበረውም።

ብዙ ሰው ወንበርን እንደ ሳሎን ሶፋ ያየዋል፤ ልብሱ ካማረና ስፖንጁ ከለሰለሰ ይበቃዋል። ለእኔ ወንበር ከፍሬንና ከመሪ እኩል የሚቆም የደህንነት ዕቃ ነው። በአሮጌ መኪና ላይ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል።

ላንድ ሮቨር በ1948 እ.ኤ.አ. ሲወጣ እንግሊዝ ከጦርነቱ ማግስት ብረት አጥሯት ነበር። ስለዚህ ሻንሲው ብረት ሆኖ አካሉ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። የፊት ወንበሮቹ የሚያርፉበት ሣጥንም ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ ነው። ለዚያ ዘመን ወንበር ይህ በቂ ነበር፤ መቀመጫው በእጅ ተነሥቶ የሚወጣ ትራስ ነው፣ ቀበቶ ሲገጠምም የሚታሰረው ከመኪናው አካልና ከሻንሲው ጋር ነው። የዛሬ መኪና ወንበር አሠራሩ ሌላ ነው። የቀበቶው መቆለፊያ ብዙ ጊዜ ከራሱ ከወንበሩ ብረት ጋር ተያይዟል። መኪናው ሲጋጭ የተቀመጠው ሰው ጉልበት በወንበሩ እግር በኩል ወደ ወለሉ ይወርዳል። ወለሉ ስስ ላሜራ ከሆነ ቡሎኑ ላሜራውን ቀዶ ይወጣል፤ ሰውየውም ከነወንበሩ ወደ መሪው ይሄዳል።

ጉልበቱ ምን ያህል ነው? የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 14 የቤት መኪና ቀበቶ ማሰሪያዎችን ሲፈትን በትከሻው በኩል 13,500 ኒውተን፣ በወገቡ በኩል ሌላ 13,500 ኒውተን ይጎትታል። እያንዳንዱ ወደ 1.4 ቶን ክብደት ይጠጋል ማለት ነው። ሁለት ሮንዴላ ጣል አድርጎ ዳዶውን ማጥበቅ ይህን አይችልም።

አሮጌው ላሜራ ራሱም እንደ ድሮው አይደለም። አሉሚኒየም እንደ ብረት ባይዝግም ከብረት ቡሎን ጋር ተነካክቶ እርጥበት ካገኘው ይበላል፤ በቡሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ካያችሁ እዚያ ያለው ላሜራ ሳስቷል። በአጭሩ ሲሪስ ላንድ ሮቨር ደግሞ የነዳጁ ታንክ የሚገኘው በፊት ወንበር ስር ነው። ስሩን ሳያይ በመሰርሰሪያ የሚበሳ ሰው ምን ሊበሳ እንደሚችል መናገር አያስፈልገኝም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ የሚቻል ከሆነ የመኪናውን የራሱን የወንበር ብረት አስቀሩ። ብረቱን አጽዱት፣ የተሰነጠቀውን አስበይዱ፣ ስፖንጁንና ልብሱን አሳድሱ። ለላንድ ሮቨርና ለአሮጌው ቶዮታ ላንድክሩዘር ልካቸውን የጠበቁ አዳዲስ መቀመጫዎች እስከዛሬ ይሠራሉ። ባዕድ ወንበር የግድ ከሆነ ከሻንሲው ጋር የሚያያዝ የብረት መደብ ይሠራለት፤ ሥራውንም በዚህ ሙያ የተካነ ሙሳክ (ጋራዥ) ይሥራው። ወንበሩ የጎን ኤርባግ ያለው ከሆነ፣ ቢጫ ሽቦውን ስሩ ታዩታላችሁ፣ ተዉት። ኤርባግ በፈንጂ የሚሠራ ዕቃ ነውና የጓሮ መፍቻ አይነካውም።

ቁመቱም ይለካ። የቤት መኪና ወንበር ከጥንቱ ትራስ ይወፍራል፤ ረጅም ሰው ጭንቅላቱ ጣሪያ ይነካል፣ ጉልበቱ ከመሪው ስር ይጣበቃል፣ ፍሪሲዮን ሲረግጥ እግሩ ይጨነቃል። በሌላ በኩል የድሮው መደገፊያ አጭር ነው፣ የራስ መደገፊያም የለውም። ከኋላ ከሚመጣ ግጭት አንገትን የሚያድነው እርሱ ስለሆነ፣ ወጪ ሲወጣ መጀመሪያ ለዚህ ቢወጣ ደስ ይለኛል።

የልብሱ ነገር የመጨረሻው ነው፤ ግን ንቄው አይደለም። በፔታ ቲክቫ ሐምሌ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ስካይ የልጅ ጭን ያቃጥላል። ጣሪያው ሸራ ለሆነ መኪና ወፍራም የጥጥ ሸራ ይሻላል፤ ላብ ይመጥጣል፣ ሲቀደድም ይሰፋል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በአገር ቤት በገጠር መንገድ ሃርድቶፕ መኪና የተሳፈረ ሁሉ የኋላውን አግዳሚ ያውቀዋል። ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተያይቶ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ፣ ሕፃኑን ታቅፎ መጓዝ ነው። ሰው ተጫውቶበታል፣ እንጀራ ተካፍሎበታል፤ ትዝታው ለብዙዎቻችን ውድ ነው። ያንን አግዳሚ እዚህ እስራኤል በሚታደስ መኪና ላይ መልሶ መትከል የሚፈልጉ አሉ፤ ፍላጎታቸውም ይገባኛል። ነገር ግን በጎን የተቀመጠ ሰው መኪናው በፊቱ ሲጋጭ ወደ ጎኑ ይወረወራል፤ ቀበቶ ቢያስርም ወገቡና አንገቱ ይጠመዘዛሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2007 በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ የጎን ወንበር እንዳይገጠም የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። የአገር ቤቱ ተሳፋሪ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። እኛ አለን።

በእስራኤል ደግሞ የመቀመጫው ቁጥር በመኪናው ሪሺዮን (የመኪና ፈቃድ) ላይ ተጽፏል። ወንበር መጨመር ወይም መቀነስ በመንገድ ፈቃድ መሥሪያ ቤት የሚጸድቅ ለውጥ ነው። መኪናው 30 ዓመት ሞልቶት የሰብሳቢዎች መኪና ተብሎ ቢመዘገብም ይህ አይቀርለትም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ ቴስት ላይ ከመመለስ ይሻላል።

የሰፈሬ ልጅ ወንበሩን ገና አልገዛም፤ እንዲገዛም አልመከርሁትም። እናንተም መኪናችሁን ወደ ራፓድ ከመውሰዳችሁ በፊት ሊፍት ላይ አሰቅሉና ከስር እዩት። ልጆቻችሁንም ወደ ፊት በሚያይ ወንበር ላይ፣ ከሻንሲው ጋር በተያያዘ ቀበቶ አስራችሁ አስቀምጡ፤ እንዲህ ያለ ቦታ ከሌለው ያ መኪና ልጅ አይጫንበት።