የአቶምን አስኳል በሒሳብ ለመመርመር የሚገባ አስተዳደር

የመንግሥት ገንዘብ በየዓመቱ ከሚወጣባቸው ሥራዎች መካከል ፍሬያቸው ቶሎ በዓይን የማይታይ አንዳንዶች አሉ። ድልድይ ሲሠራ ሕዝብ ይሻገርበታል፤ ሐኪም ቤት ሲከፈት ድውይ ይፈወስበታል፤ የአቶም አስኳል በምን ኀይል እንደ ተያያዘ በሒሳብ ለመመርመር የሚወጣው ገንዘብ ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ሳይቈይ ፍሬውን ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ምርምር የሚያስተዳድር ሹም ብልሃትና ትዕግሥት ከሌሎች ይልቅ ያስፈልገዋል። ዛሬ ይህንን ለመጻፍ ያሰብነው፥ የአሜሪካ መንግሥት በዚህ ሥራ ያለፈበት ረዥም መንገድ ለሹማምንት ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ሆኖ ስላገኘነው ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የሥራው መነሻ ጦርነት ነበረ። በ1946 ለሕዝብ የተገለጠው ኤንያክ የተባለው የሒሳብ መኪና 18,000 ያህል መብራት መሰል ቱቦዎች የነበሩትና 30 ቶን ያህል የሚመዝን ሲሆን፥ የታቀደው የመድፍ ጥይት የሚሄድበትን መንገድ ለማስላት ነው። ነገር ግን በ1945 መጨረሻ የመጀመሪያ ታላቅ ፈተና ሆኖ የቀረበለት የሃይድሮጂን ቦምብ ሒሳብ ሆነ። በዚያው ዘመን ኡላምና ፎን ኖይማን የተባሉ ሊቃውንት፥ በቀጥታ ሊፈታ የማይቻለውን ሒሳብ ዕጣ እንደ መጣል ባለ ዘዴ ደጋግሞ በመሞከር ወደ መልሱ የሚያቀርብ መንገድ አገኙ፤ ስሙንም ሞንቴ ካርሎ አሉት። ይህ ለጥፋት መሣሪያ የታሰበው ዘዴ ዛሬ ለካንሰር በሽተኛ የሚሰጠው ጨረር ምን ያህል መሆን እንዳለበት ለማስላት ይረዳል። ጥበብ በአስተዳዳሪው እጅ ወደ ሞትም ወደ ሕይወትም እንደምትመራ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስለ ትዕግሥት አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በአስኳሉ ውስጥ ያለው ፕሮቶን የተሠራው ኳርክ ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች ነው፤ ይሁን እንጂ የኳርኮቹ የየራሳቸው ክብደት ቢደመር ከፕሮቶኑ ክብደት ጥቂቱን ብቻ ይሆናል፤ የቀረው የሚመጣው አንድ ላይ ካሰራቸው ኀይል ነው። ይህንን በሒሳብ ለማሳየት ኬኔት ዊልሰን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1974 ቦታንና ጊዜን እንደ መረብ ዓይን ከፋፍሎ የማስላትን መንገድ አወጣ። መንገዱ ቢታወቅም ሒሳቡን የሚችል መኪና አልነበረም። በ2008 የጀርመን፥ የፈረንሳይና የሀንጋሪ ሊቃውንት በታላላቅ መኪኖች አስልተው ያገኙት የፕሮቶንና የመሰሎቹ ክብደት በሙከራ ከተመዘነው ጋር ተስማማ። በመካከሉ 34 ዓመት አልፏል። በአምስተኛው ዓመት «ፍሬው ወዴት አለ?» ብሎ በሩን የዘጋ ሹም ቢኖር ኖሮ የዘሩን ዋጋ ከፍሎ አዝመራውን ባጣ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ።

ትዕግሥት ማለት ግን ሳይጠይቁ መስጠት አይደለም። በአሜሪካ የኒውክሌር ሳይንስ አማካሪ ጉባኤ በ1977 ተቋቁሞ፥ ከ1979 ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ የረዥም ጊዜ ዕቅድ ለመንግሥት ያቀርብ ነበር፤ በ2023ም አንድ አቅርቧል። በታላላቆቹ መኪኖች የመሥሪያ ሰዓት የሚሰጠውም ሊቃውንት ማመልከቻ አቅርበው በሙያ ባልንጀሮቻቸው ከተመረመሩ በኋላ ነው። ቅኔ የሚመረመረው በቅኔ መምህራን ፊት እንጂ በግምጃ ቤት ሹም ፊት እንዳልሆነ ካህናቱ ያውቁታል። የሹሙ ድርሻ ሒሳቡ ልክ መሆኑን መፍረድ ሳይሆን፥ መርማሪዎቹ ያለ አድልዎ መመረጣቸውንና ገንዘቡ ለተባለለት ነገር መዋሉን መጠበቅ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ሰው ነው። በኦክ ሪጅ ታይታን የተባለው መኪና በ2012 ተተክሎ በ2019 ተዘጋ፤ ሰሚት የተባለው በ2018 ተተክሎ በ2024 ተዘጋ፤ በ2022 የተገለጠው ፍሮንቲየር ደግሞ በአንድ ሰኮንድ ከሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን የሚበልጥ ስሌት ያደርጋል፤ እርሱም ዕድሜው የተቈጠረ ነው። ብዙ ሚሊዮን የወጣበት ብረት በስድስትና በሰባት ዓመት ካረጀ፥ የማያረጀው ምንድር ነው? የሠለጠነው ሰውና በሚገባ የተጻፈው የስሌት ትእዛዝ ነው። ብራናው ቢበሰብስ ደቀ መዝሙሩ በቃሉ የያዘውን በአዲስ ብራና ይጽፈዋል፤ ደቀ መዝሙሩ ከጠፋ ግን ብራናው ቢኖርም አንባቢ የለውም። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት በ2001 የፊዚክስን፥ የሒሳብንና የኮምፒዩተርን ሊቃውንት በአንድ ዕቅድ ማሠራት የጀመረው ይህንን ተረድቶ ነው። መኪና ገዝቶ ለሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ደመወዝ ያላሰበ ሹም፥ ቤተ ክርስቲያን አንጾ ካህን እንዳልሾመ ሰው ይቈጠራል።

ሦስተኛው ስለ እውነተኛነት ነው። አሜሪካ በ1992 የኒውክሌር ፍንዳታ ሙከራን ካቆመች ወዲህ የመሣሪያዎቿን ሁኔታ ለማወቅ በእጅጉ የምትተማመነው በስሌት ላይ ነው፤ የዚህም ክፍል ምሥጢር ሆኖ ይጠበቃል። ነገር ግን ምሥጢርነት የአገር መጠበቂያ እንጂ የስንፍናና የብክነት መሸፈኛ ሊሆን አይገባም። ሙከራዬ አልተሳካም ብሎ በቅንነት የሚያስታውቅ ሊቅ የሚቀጣ ከሆነ፥ ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ሁሉ ሐሰተኛ የምሥራች መጻፍ ይማራሉ፤ መንግሥትም በሐሰት ቍጥር ላይ እውነተኛ ገንዘብ ያፈሳል።

ድኻ ሳይጠግብ ለዚህ ምርምር ገንዘብ ማውጣት ይገባልን የሚል ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ይኖራል። ጥያቄው የቅን ሰው ጥያቄ ስለ ሆነ ሊናቅ አይገባውም። መልሱም እያንዳንዱ አገር በአቅሙ ልክ ይሥራ የሚል ነው፤ ግንብ ሊያንጽ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቈጥር ሁሉ። ኢትዮጵያ ከ1957 ጀምሮ የዓለም አቀፍ የአቶሚክ ኀይል ድርጅት አባል ናት፤ ሊቃውንቷም አበቅቴና መጥቅዕ እያወጡ በዓላትን በባሕረ ሐሳብ ሲያሰሉ ብዙ መቶ ዓመት ኖረዋል። ስለዚህ ስሌት ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሚያስፈልገን ከሌሎች መኪና ከመቅናት ይልቅ፥ በትንሹ ቢሆንም ሥራውን በሙያ ባልንጀራ ማስመርመርን፥ ሰውን ከብረት ማስቀደምንና ጕድለትን ሳይፈሩ መናገርን መልመድ ነው። በጥቂቱ የታመነ መሥሪያ ቤት ብዙው በተሰጠው ጊዜ አያፍርም፤ በጥቂቱ ያልታመነውን ግን የዓለም ትልቁ መኪና አያድነውም።