የተዘለለው ስም

ባለፈው ወር የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ከትምህርት ቤት «የቤተሰብ ዛፍ» የሚል የቤት ሥራ ይዞ መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እየተፈላ እማዬን አጠገቡ አስቀምጦ ስም ያስቆጥራት ጀመር። እሷም በአባቷ በኩል እስከ ሰባት ቤት ሳትደናቀፍ ቆጠረችለት። ወደ አጎቶቿ ሲደርሱ ግን ሦስት ስም ብቻ አስጻፈችው።

«እማማ፣ የእናትሽ ወንድሞች አራት ናቸው ብለሽኝ አልነበር?»

«ሦስት ናቸው። በል ፈንድሻውን አቀብለኝ» አለችው።

አራተኛውን እኔም ልጅ ሆኜ የሰማሁት በሹክሹክታ ነው። በመሬት ወሰን ጠብ ሰው ገድሎ ከርቸሌ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ስሙ በቤታችን አይነሳም።

በዚያው ሰሞን ሜልቦርን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝና ይህንኑ አጫወትኳት። ሳቀች። ባሏ አውስትራሊያዊ ነው። የአማቾቿ ሳሎን ግድግዳ ላይ በፍሬም ተሰቅሎ የሚታየው የአንድ ቅድመ አያታቸው የእስር መዝገብ ቅጂ ነው አለችኝ። «ሌባ ነበር። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሱን ነው!»

ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ልጆቹ ሲተኙ ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1788 እስከ 1868 ድረስ 160,000 ያህል እስረኞችን በመርከብ ወደ አውስትራሊያ አግዛለች። አብዛኞቹ የተፈረደባቸው በስርቆት ነው። ከ70,000 በላይ የሚሆኑት የተወሰዱት ዛሬ ታዝማኒያ ወደምትባለው ደሴት ሲሆን፣ የደሴቲቱ ጸሐፊዎች የያዙት መዝገብ ያስገርማል። የእስረኛው ቁመት፣ የዓይኑ ቀለም፣ ጠባሳው፣ ንቅሳቱ፣ የትውልድ ቦታው፣ ሙያው፣ ማንበብና መጻፍ መቻሉ፣ ስለ ጥፋቱ ራሱ የሰጠው ቃል ሁሉ ተጽፏል። ፎቶግራፍ ባልተስፋፋበት ዘመን እስረኛ ቢያመልጥ የሚለየው በዚህ ነበር።

የሀብታም መልክ በሥዕል ይቀራል። የድሃን መልክ ግን ማን ይጽፍለታል? ለእነዚያ ሰዎች የጻፈላቸው የእስር ቤት ጸሐፊ ብቻ ነው። የጻፈው ሊቆጣጠራቸው ቢሆንም፣ ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው የቅድመ አያታቸው ዓይን ምን ዓይነት እንደነበር የሚያውቁት በእሱ ነው።

ይህ ኩራት ግን ዱሮ አልነበረም። ደሴቲቱ ቀድሞ ቫን ዲመንስ ላንድ ትባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1856 ስሟ ሲለወጥ አንዱ ምክንያት የእስረኞች ደሴት ከመባል ለመገላገል ነው። በእኔ የማርኬቲንግ ሙያ ይህ ሪብራንዲንግ ይባላል። ቤተሰቦችም እንዲሁ አደረጉ፤ እስረኛውን አያት ከወሬ አወጡት። እማዬ ቡና ላይ ያደረገችውን ማለት ነው። አሁን ግን መዝገቦቹ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም መዘክርነት ተመዝግበዋል፤ የታዝማኒያውን ማንም ሰው በኢንተርኔት በነፃ ያገኘዋል። በ13 ዓመቷ ፈረስ ሰርቃ የተጋዘችው፣ በኋላ ባለመርከብ ነጋዴ የሆነችው ሜሪ ሬይቢ ምስሏ በአውስትራሊያ የ20 ዶላር ኖት ላይ አለ።

እዚህ ላይ ደስ ብሎኝ ልጨርስ ነበር። ከዚያ የሜሪ ዌድን ታሪክ አነበብኩ። የቀድሞው የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር የኬቪን ራድ የሩቅ ቅድመ አያት ናት። እ.ኤ.አ. በ1789 ለንደን ውስጥ ሞት ሲፈረድባት ገና ልጅ ነበረች፤ ቅጣቱ ወደ ግዞት ተለወጠላት። ጥፋቷ ከሌላ ልጅ ጋር ሆና የአንዲት የ8 ዓመት ሕፃን ልብስ አውልቃ መውሰዷ ነው። ለሜሪ አዘንኩላት። ግን ያቺ ልብሷን የተገፈፈች ሕፃንስ? እሷም በዚያው የፍርድ ቤት መዝገብ ላይ አለች።

የእኛ ቤት ጉዳይ ደግሞ የልብስ አይደለም፤ ሰው ሞቷል። የሟቹም የልጅ ልጆች ምናልባት በዚህችው ከተማ ይኖራሉ። በፍሬም የሚሰቀል ነገር የለንም። ግን መዝለልስ ለማን ጠቀመ?

አንድ እሁድ እማዬን ከቤተ ክርስቲያን ስመልሳት፣ መኪና ውስጥ ሁለታችን ብቻ ሆነን ጠየቅኳት። ስለ ግድያው አልጠየቅኩም። «ያ አጎትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አልኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፣ «ሲስቅ ከጎረቤት ይሰማ ነበር» አለች። እናቷ እሁድ እሁድ ከርቸሌ ስንቅ ትወስድለት እንደነበር፣ አገልግሉን የምትይዘው እማዬ እንደነበረች፣ በር ላይ ቆመው ብዙ ይጠብቁ እንደነበር ነገረችኝ። ያ ቦታ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ያረፈበት ነው። ወደ ሥራ ስሄድ በየቀኑ አልፈዋለሁ።

አያቴ ያን ሁሉ እሁድ መመላለሷን ያለዚያ ቀን አላውቅም ነበር። የእሱን ስም ስንዘል የእሷንም ድካም አብረን ዘለልነው። እማዬ ስሙን ነገረችኝ። ሳልጠይቃት የሟቹንም ስም ጨመረችልኝ። እናቷ ሁለቱንም በጸሎቷ ትጠራቸው ነበር።

በእናንተም ቤት የተዘለለ ስም ካለ፣ ሰው በተሰበሰበበት አትጠይቁ። ከጥፋቱ በፊት ስለ ሰውየው ጠይቁ። እኛ የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለን የአባቱንና የአያቱን ስም፣ ቢገኝ የክርስትና ስሙንም አብራችሁ ጻፉ። ዓመቱ ከጠፋ በምን ዘመን፣ ከየትኛው ክስተት በፊትና በኋላ እንደነበር ያስታውሱ ይሆናል። ነገ ዛሬ እያላችሁ ግን አትቆዩ፤ የእኛ መዝገብ በአብዛኛው ያለው በእናቶቻችን ዘንድ ነው።

ለልጄ በእሱ አቅም ነገርኩት፦ ትልቅ ጥፋት አጠፋ፣ ሰው ሞተ፣ ታሰረ፣ እህቱ ስንቅ ታመላልስለት ነበር። ጥቂት አሰበና ደብተሩን ይዞ ወደ አያቱ ሄደ።

«እማማ፣ ዛፉ ላይ ይገባል?»

«የእናቴ ወንድም አይደል?» አለችው። «ጻፈው።»