የሞተችው ዶሮ ወዴት ትሂድ?

ድሬዳዋ ውስጥ በግቢ ያሉ ዶሮዎች ድንገት መሞት ሲጀምሩ የሚሆነው ነገር ከሰፈር ሰፈር ብዙም አይለያይም። የሞተችው በፌስታል ተጠቅልላ ቆሻሻ መጣያ ወይም ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ትጣላለች። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ቴትራሳይክሊን ተፈልቅቆ መጠጫቸው ውስጥ ይበጠበጣል። ገና በእግራቸው የቆሙት ደግሞ ሳይብስባቸው ይሸጣሉ። በሽታው ምን እንደሆነ የተጠየቀ ጎረቤት ሁሉ መልሱ ፈንግል ነው። ለባለቤቷ እያንዳንዱ እርምጃ የየራሱ ምክንያት አለው፤ ገንዘቧን ያፈሰሰችባቸው ዶሮዎች ዓይኗ እያየ ሲያልቁ እጇን አጣጥፋ እንድትቀመጥ የሚመክር ሰው ራሱ ዶሮ አርብቶ የማያውቅ ነው። ሦስቱ ሲደመሩ ግን በሽታው ከአንድ ግቢ ወጥቶ ቀበሌውን የሚያዳርስበት መንገድ ይሆናሉ። የጎደለው፣ ዶሮዋ በምን እንደሞተች ከፍቶ የሚያይ ሰው ነው። የከተማው አስተዳደር የሞተችን ዶሮ በነፃ ተቀብሎ የሚመረምር አንድ በር ቢከፍት፣ ዶሮ ለማከፋፈል ከሚያወጣው ገንዘብ ጥቂቱን ለዚህ ቢመድብ፣ ከብዙ ዘመቻ ይሻላል ባይ ነኝ።

የጎረቤት ግምት ብዙ ጊዜ ልክ መሆኑን አልክድም። ሳይንሱ ኒውካስል የሚለው ፈንግል የቫይረስ በሽታ ነው፤ ኃይለኛው ዓይነት ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ከገባ አብዛኛውን፣ አንዳንዴም ሁሉንም ይጨርሳል። የትንፋሽ መቆራረጥ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የክንፍ መውደቅና የአንገት መጠምዘዝ ምልክቶቹ ናቸው። ነገር ግን ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ከተማ ናት። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ሲያይል በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የታጎረች ከባድ የፈረንጅ ዶሮ አፏን ከፍታና ክንፏን ዘርግታ ስታለከልክ ቆይታ ከሰዓት በኋላ ዱብ ልትል ትችላለች። እሷን የሚያድናት ጥላ፣ ነፋስና ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ደም የቀላቀለ ኩስ የሚጥሉ ጫጩቶች ኮክሲዲዮሲስ ይዟቸው ይሆናል፤ ለእሱ መድኃኒት አለ። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ያሉ ጫጩቶች በአንድ ጊዜ ሲወድቁ ጉምቦሮ ይጠረጠራል፤ ለእሱ ደግሞ መድኃኒት የለም፣ ቀድሞ መከተብ እንጂ። በብዙ የአገራችን አካባቢ ፈንግል የሚበረታው ከክረምት መግቢያ ጋር ስለሆነ የሙቀቱ ወራትና የበሽታው ወራት ይደራረባሉ። በዓይን ብቻ ለይቶ መፍረድ ለባለሙያም ይከብዳል።

በግምት መሄድ ዋጋ አለው። ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። መንጋው ውስጥ ሁለት ሦስት ዶሮ ሲተርፍ ግን ምስጋናው ለካፕሱሉ ይሰጥና በሚቀጥለው ዓመትም ይደገማል፤ የመድኃኒቱ ቅሪት ያለበት እንቁላል ደግሞ በልጆች ሳህን ላይ ይቀርባል። ከሁሉም የከፋው ሽያጩ ነው። የፈንግል ቫይረስ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከሁለት እስከ አሥራ አምስት ቀን ሊወስድ ይችላል። ጤነኛ ተብላ ለገበያ የወጣች ዶሮ በሽታውን ይዛ አዲስ ቆጥ ላይ ታድራለች፤ በበዓል ሰሞን ይህ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም መገመት አያስቸግርም።

ስም የሌለው በሽታ ምን እንደሚያደርግ ይህች ከተማ ከማንም በላይ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ2013 የድሬዳዋን ነዋሪ የጣለው ትኩሳት ከወባ ጋር በቀላሉ የሚምታታ ነበር፤ ደንጊ መሆኑን ያረጋገጠው ላቦራቶሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ቺኩንጉንያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲያስተኛም እንዲሁ። በሽታው ከተለየ በኋላ ነው በርሜልና አሮጌ ጎማ ውስጥ የተጠራቀመ፣ አስተላላፊው ትንኝ የሚራባበትን ውኃ ማስደፋት ትርጉም ያገኘው። በዶሮም በኩል ምሳሌ አለን። በ1998 ዓ.ም. ጉራጌ ውስጥ በጉብሬ የዶሮ ማባዣ ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ዶሮዎች ሲያልቁ የወፍ ጉንፋን ገባ ተባለና ገበያው ደነገጠ፤ ምርመራው ግን የወፍ ጉንፋን አለመሆኑን አሳየ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ደግሞ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ዶሮዎች በብዛት ሲሞቱ የግብርና ሚኒስቴር የዶሮና የዶሮ ውጤቶችን ዝውውር ለጊዜው እስከማገድ ደርሷል። እገዳ ከባድ መሣሪያ ነው፤ የት እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ መረጃ ከሌለ የታመመውንም ያልታመመውንም እኩል ይመታል።

ለአንዲት ዶሮ ላቦራቶሪ ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። እያንዳንዷ ዶሮ ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ትላክ ግን አላልኩም። ብዙውን ሥራ አንድ የእንስሳት ሐኪም፣ አንድ ቢላዋ፣ ጓንትና ጠረጴዛ ይሠሩታል። ስትከፈት በጨጓራዋ ግድግዳ ላይ የደም ነጠብጣብ ከታየ፣ ወይም ከፊንጢጣዋ በላይ ያለችው ትንሽ ከረጢት አብጣ ከተገኘች ጥርጣሬው ወዲያው ይጠባል። ያልተለየው ብቻ ናሙናው ወደ ሂርና ላቦራቶሪ ወይም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወዳለው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል። ሐረማያ እኮ ደጃችን ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮን በየቤቱ ለማዳረስ ሲነሳ፣ የታደሉት ሲሞቱ ምክንያቱን የሚያውቅ አካል አለማዘጋጀት የበጀት ቁጠባ ሊባል አይችልም።

የበለጠ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፦ ይልቅ ሁሉንም ብንከትብስ? ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት የሚያመርተው አይ-2 የተባለው የፈንግል ክትባት ሙቀትን ከሌሎቹ ይበልጥ ይቋቋማል፤ አንድ ጠብታ ዓይኗ ላይ ይንጠባጠባል፣ በየሦስት አራት ወሩም ይደገማል። ለድሬዳዋ የተሠራ ይመስላል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚበቃ አምስት ዶሮ ላላት ሴት ብቻዋን አያዋጣትም እንጂ ጎረቤት ተሰባስቦ በአንድ ጠዋት ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ ክትባቱን እደግፋለሁ። ነገር ግን ተከትበው የሞቱ ዶሮዎች በጉምቦሮ ወይም በሙቀት ሞተው ሳለ ክትባቱ ውሸት ነው ከተባለ፣ ሰፈሩ በሚቀጥለው ዙር በሩን ይዘጋል። ክትባቱን ከሐሜት የሚያድነው ምርመራ ነው።

ሰው ዶሮዎቼን ሰብስበው ያርዱብኛል ብሎ ቢፈራስ? ይፈራል፤ ትክክልም ነው። ስለዚህ ይህ በር ከቁጥጥር ሠራተኛ ጋር መያያዝ የለበትም፤ የባለቤቷ ስም ሳይሆን ቀበሌዋ ቢመዘገብ ይበቃል። ውጤቱ ለሕዝብ ሲነገርም በቀበሌ ደረጃ ይሁን፤ ሳቢያን ላይ ፈንግል ከታየ የመጋላ ሰው ለሁለት ሳምንት ዶሮ ከመግዛት ይቆጠባል። የወፍ ጉንፋን ዓይነት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ቢገኝ ግን ማስወገድ ግድ ስለሚሆን፣ ካሳው ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍል ከወዲሁ ተጽፎ መለጠፍ አለበት። ሌላው ዝርዝር ቀላል ነው። በዚህ ሙቀት በድን በጥቂት ሰዓት ስለሚበሰብስ በሩ ቅዳሜና እሑድንም ጨምሮ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይከፈት። ዶሮዋ በባዶ እጅ ሳትነካ በሁለት ፌስታል ተጠቅልላ፣ ከተቻለም በረዶ ተደርጎባት ትምጣ። የቀሩት ውጤቱ እስኪነገር ከግቢ አይውጡ።