የአምፖል መስመር ምጣድ ሲሸከም

በዓል በደረሰ ቁጥር ከፍተኛ ኃይል የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች በዋዜማው ጭነታቸውን እንዲቀንሱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጥሪ ያቀርባል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዚያን ዕለት የየቤቱ ምጣድ በአንድ ጊዜ ይጣዳል። ለአገሪቱ መስመር ይህን ያህል ሲታሰብ፣ ያው ጭነት በየቤቱ በቀጭን ሽቦና በአንዲት ሶኬት ላይ ሲያርፍ ግን የሚጠይቅ የለም።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ይህም በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፔር ገደማ ነው። የተለመደው የግድግዳ ሶኬት የሚችለው ቢበዛ 16 አምፔር ሲሆን፣ ከሱቅ ከሚገዙት ዲቫይደሮች መካከል 10 አምፔር ብቻ የተጻፈባቸው ጥቂት አይደሉም። በአንድ ዲቫይደር ላይ አምስት የስልክ ቻርጀር ቢሰካ ብዙም ጉዳት የለውም፤ አንድ ምጣድ ብቻውን ቢሰካ ግን ያቀልጠዋል። መቆጠር ያለበት የተሰካው ዕቃ ብዛት ሳይሆን የሚስበው ኃይል ነው።

በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው አምፔር እጥፍ ሲሆን ሽቦው የሚያመነጨው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በላላ ብሎን ወይም መያዝ ባቃተው አሮጌ ሶኬት ላይ ሙቀቱ በአንዲት ነጥብ ይከማቻል። የሶኬቱ ፊት መጥቆር፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ ከጋገሩ በኋላ ሲነቅሉት እጅ የሚፋጅ መሰኪያ፣ ሁሉም የአንድ ችግር ምልክቶች ናቸው። ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ከረጢት በተሠራ ቤት ደግሞ ከምልክቱ እስከ ቃጠሎው ያለው ጊዜ አጭር ነው።

ብዙዎቹ የትናንሽ ከተሞች ቤቶች መስመር የተዘረጋላቸው ለአምፖልና ለሬዲዮ በሚበቃ መጠን ነው። ለመብራት የሚዘረጋው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ምጣድ የሚሸከም አይደለም። ምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚነሳ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦና የራሱ ባለ 25 አምፔር ብሬከር ያስፈልገዋል። በተግባር የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወድቅ «አስቸገረ» ተብሎ በትልቅ ይለወጣል፣ ሽቦው ግን እንዳለ ይቀራል። ያን ጊዜ ሽቦው ሲግል የሚያቋርጠው ነገር አይኖርም። ብሬከሩ የወደቀው ሥራውን ስለሠራ ነበር።

ነገሩ ከዕውቀት ማነስ ብቻ የመጣ አይደለም። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው መስመር የደንበኛው ኃላፊነት ነው፤ ደንበኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ አከራዩ እንጂ ሶኬቱን የሚጠቀመው ሰው አይደለም። ተከራይ በሰው ቤት ግድግዳ ላይ ሽቦ ለመለወጥ ገንዘብ አያወጣም። አከራይም መስመሩን ከማደስ ይልቅ «ምጣድ አይቻልም» ብሎ መከልከል ይቀለዋል። ክልከላው እንጀራ መጋገርን ስለማያስቀር፣ ምጣዱ ማታ በር ተዘግቶ በዲቫይደር ይሰካል።

ከጎረቤት ቆጣሪ መስመር የሚቀጥሉ ቤተሰቦች ሌላም ዋጋ ይከፍላሉ። በ1.5 ሽቦ 50 ሜትር ርቀት ላይ 16 አምፔር ሲሳብ 19 ቮልት ያህል በመንገድ ይጠፋል፤ ከ300 ዋት የሚበልጥ ኃይልም ሽቦውን ለማሞቅ ብቻ ይውላል። ምጣዱ ቶሎ አይግልም፣ ጋጋሪዋ ትዘገያለች፣ ቆጣሪው ግን የባከነውንም ይቆጥራል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተደርጓል፤ ብዙ ኃይል የሚጠቀም ቆጣሪም በከፍተኛው ዋጋ ስለሚታሰብ፣ በአንድ ቆጣሪ የተጠለሉ አባወራዎች ሸክሙን ይጋራሉ።

በገጠር ቀበሌዎች አደጋው መልኩን ይቀይራል። የጫጩት ማሞቂያ መብራት በጭድ ጉዝጓዝ ላይ በጥንድ ሽቦ ተንጠልጥሎ ያድራል፤ ሽቦው ሳይሆን በጠንካራ ሰንሰለት ቢታሰር፣ ከጉዝጓዙም ርቆ ቢሰቀል ብዙ ቤት ይተርፋል። ከጉድጓድ ውኃ የሚስብ አነስተኛ ፓምፕ ደግሞ በላስቲክ በተጠቀለለ ቅጥል ሽቦ እርጥብ መሬት ላይ ይሠራል። በሁለቱም ቦታ፣ እንዲሁም በእርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግሯ ቆማ ሊጥ በነካው እጇ ምጣድ ለምትከፍት እናት፣ ሕይወት የሚያድነው የመሬት መስመር ነው። ሦስተኛው ሽቦ ተቆርጦ በሁለት የተሰካ ምጣድ፣ ውስጡ ያለው ሽቦ አካሉን በነካ ቀን አደጋውን ወደ ሰው ያስተላልፋል።

እዚህ ላይ ብሬከር አይደርስም። 16 አምፔር ላይ የሚያቋርጥ ብሬከር ለሽቦ የተሠራ ነው፤ ሰውን ለመግደል ግን ከ1 አምፔር እጅግ ያነሰ ይበቃል። ወደ መሬት የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ የሚያቋርጥ የተለየ መሣሪያ አለ፤ ለፓምፕና ለምጣድ መስመር ከማንኛውም ዕቃ በፊት ሊገዛ የሚገባው እርሱ ነው። የሚገጥመው ሰው የባለሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዳለው መጠየቅም ነውር የለበትም።

መስመሩን መለወጥ የማይችል ተከራይ ቢያንስ ምጣድና ምድጃን በአንድ ጊዜ አይጠቀም። ምጣዱን በዲቫይደር አይሰካ፤ ሲነቅልም አስቀድሞ ያጥፋው። መብራት ሲሄድ ምጣዱንና ማቀዝቀዣውን መንቀል፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ከቃጠሎም ከዕቃ ብልሽትም ያድናል። የላላውን ሶኬት ማስቀየር ደግሞ የአከራይ ፈቃድ እስኪገኝ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም።